«ሌቨሬጅ»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

ጠያቂ (ከገላን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ገላን ውስጥ ስላለ የካርቶን ማምረቻ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ግምገማ ለባለቤቶቹ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ሌቨሬጅ» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ገብቷል፦ «በወረቀት መግዣ ዋጋ ላይ ሌቨሬጅ የላችሁም»፣ «ድርጅቱ ሃይሊ ሌቨሬጅድ ነው»፣ «ለቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገድ መግቢያ ያላችሁን ቅርበት ሌቨሬጅ አድርጉት»። ሦስቱንም «ጥቅም» ብዬ ብመልሳቸው ያስኬዳል?

ከለገጣፎ፦ አያስኬድም እህቴ። ጥቅም የሚገኘው ነገር ነው፤ ሌቨሬጅ ደግሞ እሱን ለማግኘት የምትይዢው አቅም። ሦስቱ ቦታዎች ላይ ያለው ትርጉምም አንድ አይደለም፣ ስለዚህ ሦስት የተለያየ አማርኛ ያስፈልግሻል።

ከቃሊቲ፦ ሥሩን ካየሽው ይቀልልሻል። «ሌቨር» ከባድ ነገር የሚፈነቀልበት ዘንግ ነው። አልፈታ ያለ የጎማ ቡሎን አስቢ። 25 ሳንቲ ሜትር እጀታ ባለው መፍቻ እምቢ ሲል፣ እጀታው ላይ ቱቦ ይሰካና ርዝመቱ 75 ይደርሳል። ያው ክንድ፣ ያው ግፊት፣ ቡሎኑ ላይ የሚያርፈው የማዞር ኃይል ግን ሦስት እጥፍ ነው። ሰውዬው አልጠነከረም፤ የሚገፋበት ቦታ ነው ከቡሎኑ የራቀው። ዋጋም አለው፦ እጁ ሦስት እጥፍ መንገድ ይሄዳል፣ ቡሎኑ ዝጎ ከሆነም በመፈታት ፈንታ ይበጠሳል። የብድሩ ትርጉም ላይ ይሄ መበጠስ ይመለሳል።

ከሰበታ፦ ሁለተኛው «መያዣ» አይደለም እንዴ? ባንክ የሚጠይቀው?

ከለገጣፎ፦ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። መያዣ ብድሩ ባይመለስ የሚወረሰው ንብረት ነው። ሌቨሬጅ ግን ከራስ ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር የብድሩ ብዛት ነው፤ እንግሊዞች ለዚህኛው «ጊሪንግ» ይላሉ። በቁጥር ላሳያችሁ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። የራስ 2 ሚሊዮን ብር፣ ብድር 6 ሚሊዮን፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ ማለትም 960,000 ብር። ሥራው በጠቅላላው 8 ሚሊዮን ላይ 25 በመቶ ካስገኘ 2 ሚሊዮን ይገባል፤ ወለዱ ሲቀነስ 1,040,000 ይቀራል። በራስ 2 ሚሊዮን ብቻ ቢሠራ የሚገኘው 500,000 ነበር። ሥራው 10 በመቶ ብቻ ሲያስገኝስ? 800,000 ገብቶ 960,000 ይከፈላል፣ 160,000 ኪሳራ። ብድር ባይኖር ኖሮ ግን በዚያው 10 በመቶ 200,000 ይተርፍ ነበር። ስለዚህ «ድርጅቱ ከራሱ ካፒታል አንጻር ብዙ ብድር ተሸክሟል» በይው። «በብድር የተዘፈቀ» ካልሽ ከሰርን የሚል ይመስላል፤ ጸሐፊው ያለው ግን እሱን አይደለም።

ከቱሉ ዲምቱ፦ አንደኛው «የመደራደር አቅም» ነው። ምንጩ ጥሎ መሄድ መቻል ነው፦ ወረቀቱን የሚያቀርበው አንድ ነጋዴ ብቻ ከሆነና እሱ ሌላ ገዢ ካለው፣ ምንም ቢጯጯሁ አቅም የለም። የሌላ አቅራቢ ፕሮፎርማ በእጅ ሲኖር፣ ወይም የሦስት ወር ወረቀት በአንድ ጊዜ እገዛለሁ ማለት ሲቻል ነው የሚመጣው። በእንግሊዝኛው ቀጥሎ «ኦቨር» ካለና ከዚያ የሰው ስም ከመጣ ግን ተጠንቀቂ። አንዳንዴ የሰውዬውን ገመና በመያዝ የሚደረግ ግፊት ነው፤ ያኔ «እጅ መጠምዘዣ» ይሻላል።

ከቃሊቲ፦ ወደ እንግሊዝኛ መልሰሽ ስትጽፊም ቃሉ አይቆጠርም። «ኤ ሌቨሬጅ» አይባልም፣ «ሌቨሬጅስ» ብሎ ማብዛትም የለም። አሜሪካኖች «ሌቨሪጅ»፣ እንግሊዞች በብዛት «ሊቨሪጅ» ይላሉ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስተኛውንስ? «ለክፍያ መንገዱ ቅርብ መሆናችሁን ተጠቅማችሁ የአዳማ ደንበኞችን ሳቡ» አልኩት።

ከለገጣፎ፦ እዚህ ላይ ቃሉ ግስ ሆኗል፤ የቢሮ እንግሊዝኛ ይወደዋል፣ ጥሩ አራሚዎች ግን ብዙ ጊዜ «ዩዝ» ብለው ይተኩታል። ስለዚህ «ተጠቅማችሁ» በቂ ነው፣ «አቅምን አሟጦ» ምናምን አያስፈልግም። ግን አዳማን ከየት አመጣሽው? መንገዱ ወደ አዳማ መሄዱ እውነት ነው፤ ግምገማው ላይ ከሌለ ግን አውጪው። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ስለ ማጓጓዣ ወጪ ከሆነ «ቅርበታችሁን ተጠቅማችሁ የማጓጓዣ ወጪ ቀንሱ» ይሆናል፣ ስለ ገበያ ከሆነ ሌላ። እሱን ለጥፊልንና እንየው።