አጸፋዬን መቼ ላውጣው? በጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ውጊያ ስለ መከላከል

ጠያቂ (አዲሱ አስማተኛ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምንጫወተው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን አምስተኛ እትም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ሕግ። ገጸ ባሕርዬ አምስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ አስማተኛ ነው፤ የመከላከያ ቁጥሩ 15፣ የሕይወት ነጥቡ 27። ባለፈው ጨዋታ ጎብሊን የሚባል ትንሽ ጭራቅ ፍላጻ ለቀቀብኝ። የጨዋታው መሪ «መታህ» ሲለኝ ደንግጬ «ጋሻ» የተባለውን አስማት አወጣሁ፤ ፍላጻውም ከሸፈ። ወዲያው የጠላት አስማተኛ ተራው ደርሶ የእሳት ኳስ ጣለብን። የሌላውን አስማት የሚያስቆም ማክሸፊያ አስማት ነበረኝ፤ ግን በዙር ያለችኝን አንድ አጸፋ (በሌላው ተራ የምሰጣትን ፈጣን ምላሽ) ለፍላጻው ስለከፈልኩ ዝም ብዬ አየሁ። ፈዋሻችን ወደቀች። በሚቀጥለው ውጊያ ደግሞ ስቆጥብ ስቆጥብ ሳልጠቀምባት እኔው ወደቅኩ። መቼ ላውጣት፣ መቼ ልያዛት? እያሰብኩ ጨዋታውን ማስቆሜም ያሳፍረኛል።

ባለ20 ጎን፦
መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ጋሻው 5 ይጨምራል፤ ያንተ 15 ወደ 20 ይወጣል ማለት ነው። የጠላት ድምር (ባለ20 ጎን ዳይሱና ጭማሪው) ከ16 እስከ 19 ከሆነ ትድናለህ፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አስማቱን በከንቱ ጨረስከው። ስለዚህ መሪው «መታህ» ብቻ ሳይሆን «በ17 መታህ» እንዲልህ ለምነው። ሌላው፣ ጋሻው እስከ ቀጣዩ ተራህ መጀመሪያ ይቆያል። ሦስት ጠላቶች ከበውህ ከሆነ በመጀመሪያው ምት ላይ ማውጣቱ በመጨረሻው ላይ ከማውጣት እጅግ ይሻላል።

ቀስተኛዋ፦
አንድ እርማት ላስገባ። ድምሩ ከመከላከያ ቁጥሩ ጋር እኩል ሲሆን የሚያሸንፈው አጥቂው ነው፤ 15ም ይመታል። ጋሻው የሚያድነው ከ15 እስከ 19 ባለው ነው። ዳይሱ ራሱ 20 ላይ ካረፈ ግን ምንም ቁጥር አያስጥልም።

የእኔ ገጸ ባሕርይ የምትጠቀምበት አጸፋ የአንድን ምት ጉዳት በግማሽ ይቀንሳል፤ ለዚያች አንድ ምት ብቻ። የምወስነውም የጉዳቱ ዳይስ ከመወርወሩ በፊት ነው። ስለዚህ ዳይሱን ትቼ የመታኝን እጅ አያለሁ። ዳይሱ 20 ላይ ካላረፈ የጎብሊን ፍላጻ ቢበዛ 8 ነጥብ ይወስዳል፤ የኦግር (የግዙፉ ጭራቅ) ዱላ በአማካይ 13። ኦግሩ ገና ያልመታ ከሆነ ፍላጻውን ችዬ እቀበላለሁ። የእሳት ኳስ ግን በጥቃት ዳይስ የሚመጣ ስላልሆነ ይህ ችሎታ አይሠራበትም።

የጠረጴዛው ራስ፦
ወንድሜ፣ ብዙ ጨዋታ መርቻለሁና የአንተን ዓይነት ሐዘን ደጋግሜ አይቻለሁ። ጥፋትህ ጋሻውን ማውጣትህ አይመስለኝም፤ ከፊትህ ማን እንደቀረ አለመጠየቅህ ነው። አጸፋ የሚመለሰው በራስህ ተራ መጀመሪያ ላይ ነው። «ከአሁን እስከ እኔ ተራ ድረስ ማን ይንቀሳቀሳል?» ብለህ የተራውን ዝርዝር እይ። የጠላት አስማተኛ ገና ከሆነ ያዛት። ተራው ካለፈ፣ የምትፈራው ሌላ ነገርም ከሌለ፣ ለፍላጻውም ቢሆን አውጣት፤ ሳትጠቀምባት ተራህ ከደረሰ የተረፈችው ለነገ አትቀመጥልህም።

የእሳት ኳስ ስምንት ባለ6 ጎን ዳይስ ነው፤ አማካዩ 28። አንተ 27 ነጥብ ነው ያለህ። በሦስተኛ የአስማት ደረጃ የተጣለ ከሆነ ማክሸፊያህ ያለ ምንም ዳይስ ያስቆመው ነበር። ከአምስት ስድስት ነጥብ ለመሸሽ ይህን ሁሉ ከፈልክ።

ስለ መዘግየቱ፦ በእኔ ጠረጴዛ እያንዳንዱ ተጫዋች ፊት አንድ ካርድ ይቀመጣል። አጸፋውን ሲያወጣ ካርዱን ይገለብጣል፤ ተራው ሲደርስ ይመልሰዋል። ውሳኔውን የሌላው ተራ እያለ አስቀድመህ አድርግ፦ «የጠላት አስማተኛ ገና ካልተንቀሳቀሰ ጋሻ አላወጣም» ብለህ ለራስህ ወስን። እኔ ቁጥሩን ከተናገርኩ በኋላ ሦስት እስክቆጥር እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ጉዳቱን እወረውራለሁ።

ጥሩር ለባሹ፦
ከሌላ ጨዋታ ልጨምር። በጉርፕስ ጥያቄው «ላውጣ ወይስ ልያዝ» አይደለም፤ «በምን ልከላከል» ነው። ማምለጥ፣ በመሣሪያ መመከት፣ በጋሻ መመከት አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው፤ በሦስት ባለ6 ጎን ዳይስ ከቁጥሩ ሳታልፍ መጣል አለብህ። ወደ ኋላ እያፈገፈግህ ካመለጥህ 3 ይጨመርልሃል፤ የቆምክበትን ቦታ ግን ትለቃለህ። ይህን የለመደ ሰው መከላከል ሁልጊዜ የሚያስከፍለው ነገር እንዳለው በእጁ ያውቀዋል።

ጠያቂ (አዲሱ አስማተኛ)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ካርዱን ዛሬውኑ እሠራለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ የእኛ መሪ ዳይሱን ደብቆ ነው የሚጥለው፣ ቁጥርም አይናገርም። ያኔስ?

ባለ20 ጎን፦
ያኔ የጠላትን ጭማሪ ገምት። ጎብሊን በጥቃቱ ላይ 4 ይጨምራል፤ 15 የሆነውን አንተን የሚመታው ዳይሱ ከ11 እስከ 20 ሲያርፍ ነው። ከነዚያ ዐሥር ቁጥሮች ጋሻው አምስቱን ያስቀርልሃል። ኦግር 6 ይጨምራል፤ ከ9 እስከ 20 ይመታሃል፤ ከዐሥራ ሁለቱ አሁንም አምስቱ ብቻ ይድናሉ። ጠላቱ በበረታ ቁጥር ጋሻው የመሥራት ዕድሉ ይቀንሳል፤ ግን ከኦግር የዳንክባት አንዲት ጊዜ ከሁለት ፍላጻ ትበልጣለች። እኔ ብሆን ለኦግሩ እደፍራለሁ።