ሞድ የጫነ ሁሉ ይታገድ?

ጥያቄ፦ ወንድሞች፣ የላፕቶፔ ራም 4 ጊጋ ነው። ማይንክራፍት የሚባለው ጨዋታ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረኝ ኦፕቲፋይን የሚባል ጨዋታውን የሚያፈጥን ሞድ (ጨዋታን የሚቀይር ተጨማሪ ፕሮግራም) ጫንኩ፤ ያኔ ነው በደንብ መጫወት የቻልኩት። ትናንት ማታ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ከምጫወትበት ሰርቨር ታገድኩ። 8 ወር የገነባሁት ቤት እዚያው ቀረ። ማንንም አላታለልኩም! ይሄ ፍትሕ ነው?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ግን በድንጋይ ውስጥ አልማዙን የሚያሳየው ኤክስሬይም ሞድ ነው። እኛ ሌሊቱን ስንቆፍር የምናድርበትን እሱ በ5 ደቂቃ ጠርጎ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ይታገድ!

መልስ፦ ጂቲኤ የሚባለውን ጨዋታ እዩት። የጨዋታው ባለቤት ሮክስታር እ.ኤ.አ. በ2015 ፋይቭኤም የሚባለውን የጂቲኤ ሞድ የሚሠሩ የአንዳንድ ሰዎችን አካውንት አግዶ ነበር፤ በ2023 ቡድኑን ራሱ ገዛው።

ጠያቂው፦ የሰርቨሩ ኃላፊዎች በሚያታልልና በማያታልል ሞድ መካከል ያለውን ልዩነት አይተው ይፍረዱ ነው የምለው። አቤቱታ ልኬያለሁ፤ የጫንኩትንም አንድ በአንድ ጽፌያለሁ።