የተቃጠሉትን ብቻ ይዤ የትራንስፎርመር እድሜ ማጥናት እችላለሁ?

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ የማከፋፈያ ትራንስፎርመሮች ለምን ያለጊዜያቸው እንደሚቃጠሉ ነው። ባለ 15 ኪሎ ቮልት፣ ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉት ትንንሾቹ። ከአንድ አካባቢ የ6 ዓመት የብልሽት መዝገብ አገኘሁ፤ 140 ተቃጥለዋል። አማካይ እድሜያቸውን ሳሰላ 9 ዓመት ሆነ። «የትራንስፎርመር እድሜ 9 ዓመት ነው» ብዬ ስጽፍ አማካሪዬ ሳቁብኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ «አስቢበት» ብቻ። በዚያ ላይ «ምክንያት» በሚለው አምድ ከግማሽ በላይ የተጻፈው «ኦቨርሎድ» ነው። ልመነው? የውስጣቸውን ዘይትስ ላስመርምር?

ቁጥር ወዳጅ፦
እህቴ፣ የሳቁበት ይገባኛል። የእድር መዝገብ ገልጠሽ የሞቱትን ብቻ እንደመቁጠር ነው። ሰፈሩ አዲስ ከሆነና ነዋሪው ወጣት ከሆነ፣ የሞተውም አብዛኛው ወጣት ይሆናል። የሰፈሩ ሰው እድሜ አጭር ነው ማለት ግን አይደለም። ያንቺም መስመር በቅርብ ዓመታት የተስፋፋ ከሆነ 9 ዓመት የሚነግርሽ መስመሩ አዲስ መሆኑን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዛሬም ምሰሶ ላይ ያሉት ያስፈልጉሻል። «12 ዓመት ሆኖት አልተቃጠለም» ማለት ራሱ መረጃ ነው። ካፕላን-ማየርና ዋይቡል የሚባሉት የእድሜ ስሌት ዘዴዎች ይህን ይቀበላሉ። በዋይቡል ስሌት ቤታ የሚባለው ቁጥር ከ1 በታች ከወጣ ችግሩ የአመራረት ወይም የአተካከል ነው፤ ከ1 በደንብ ከበለጠ እርጅና ነው። አንድ ወጥመድ አለ። ከ20 ዓመት በፊት የተተከለ ትራንስፎርመር አንቺ መዝገብ ውስጥ የሚገባው በ14 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የተቃጠሉ እኩዮቹ አይታዩሽም፤ ይህን ለሶፍትዌሩ ንገሪው።

የመስመር ሰው፦
ስሚ ልጄ፣ 22 ዓመት መስመር ላይ ሠርቻለሁ። «ኦቨርሎድ» የምንጽፈው ፎርሙ ባዶ እንዳይሆን ነው። መሽቷል፣ ዝናብ አለ፣ ሰው ከቦ ይጮህብሻል። ማን ታንከር ይከፍታል?

እውነቱን ከፈለግሽ የተቃጠሉት የተከመሩበት ግቢ ሂጂና አስከፍተሽ እዪ። ሦስቱም ኮይሎች እኩል ጠቁረው የተጠቀለሉበት ወረቀት እንደ ደረቅ ቅጠል የሚፈረፈር ከሆነ፣ ያ የብዙ ጊዜ ሙቀት ነው። ኮይሉ ተጣምሞ ከቦታው ከወጣ ታች መስመር ላይ ሾርት ነበር። ሌላው ንጹህ ሆኖ የአንዱ ኮይል ጫፍ ብቻ ከተበሳ መብረቅን ጠርጥሪ፤ አሬስተሩ (መብረቅ መከላከያው) በቦታው ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂ። ፊውዙ ቦታ የመዳብ ሽቦ ታስሮ ካገኘሽ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግሽም።

ኦቨርሎድም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። ባለ 50 ኬቪኤው 14 ምጣድ ይችላል፣ በሦስቱ ፌዝ እኩል ከተከፋፈለ። የበዓል ዋዜማ 5 ምጣድ አንድ ፌዝ ላይ ከዋለ ግን ያ ፌዝ ሞላ። በድምር ስታዪው «ገና ነው» ይልሻል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ክላምፕ ሜትር (ሽቦ አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሠራተኛ አስከትለሽ ሦስቱንም ፌዝና ኒውትራሉን አስለኪ።

ዘይትና ወረቀት፦
ዘይቱ ውስጥ የሟሟውን ጋዝ መመርመር በዋናነት ለትልልቆቹ የሰብስቴሽን ትራንስፎርመሮች ነው። አሴቲሊን ካገኘሽ ውስጥ ብልጭታ አለ፣ ኤቲሊን ከበዛ ዘይቱ በጣም ግሏል። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የተቀዳ ዘይት ግን መቃጠሉን ብቻ ነው የሚነግርሽ፤ ገንዘብሽን አታባክኚ። በሥራ ላይ ካሉት አስቀድተሽ እርጥበቱን፣ አሲዱንና የቮልቴጅ አቅሙን አስለኪ።

እድሜ ያለው ወረቀቱ ውስጥ ነው። ዘይት ይቀየራል፣ ወረቀት አይቀየርም። አዲስ ሲሆን ዲፒው፣ ማለትም የሴሉሎሱ ሰንሰለት ርዝመት፣ 1000 አካባቢ ነው። 200 ሲደርስ አለቀለት። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ በአይኢሲ ስሌት ተራው ወረቀት በጣም የሚግልበት ቦታ 98 ዲግሪ ሲሆን በመደበኛ ፍጥነት ያረጃል፤ በየ6 ዲግሪው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ከተቃጠሉት ላይ ናሙና ስትወስጂ ከተቃጠለው ቦታ ራቅ ብለሽ ውሰጂ። የድሮ ዘይት ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል ያለ ጓንት አትንኪ።

ከፍታውንም አትርሺ። ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፣ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል፤ የትራንስፎርመር የሙቀት ደረጃው የተሠራው እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ነው።

የመስመር ሰው፦
ከፍታ ከፍታ አትበሏት እንጂ! አዲስ አበባ ብርዱስ?

ዘይትና ወረቀት፦
ጋሼ ልክ ነዎት። ከ1000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ ከሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ 1 ዲግሪ ነው የሚቀነሰው፤ ለአዲስ አበባ 3 ተኩል ግድም ይመጣል። ደረጃው ደግሞ የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት 20 ዲግሪ ብሎ ነው የሚነሳው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በታች ናት። ይካካሳሉ።

ተመራቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ግቢው ሄጄ 3 አስከፈትኩ። ሦስቱም መዝገብ ላይ «ኦቨርሎድ» ናቸው። አንዱ ታች ውሃ አቁሯል፣ ኮሩ ዝጓል፣ ኮይሎቹ ግን ቡናማ እንኳ አልሆኑም። የክዳኑ ጋስኬት በጣት ሲነኩት ይቆረሳል። አሁን የቀረኝ ያልተቃጠሉት ናቸው፤ ሙሉ ዝርዝራቸውን የሚሰጠኝ አጣሁ።

ቁጥር ወዳጅ፦
ሁሉንም አትፈልጊ። 3 ፊደር (ከሰብስቴሽን የሚወጣ መስመር) ምረጪ፣ መስመሩን ተከትለሽ በእግር ሂጂ፣ የእያንዳንዱን የስም ሰሌዳ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ዙም የሚያደርግ ካሜራ ያለው ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ፤ ከመሬት ሆኖ የምርት ዓመቱን ማንበብ ያስቸግራል።