መሪው በቀኝ፣ ልማዴ በግራ

ጅማ ነው ያለሁት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ወደ አጋሮም ወደ ቦንጋም ማኑዋል ቶዮታ ስነዳ ነው የኖርኩት። አሁን ናይሮቢ ሥራ አግኝቻለሁ። የሚሰጠኝ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ እዚያ የሚነዳውም የመንገዱን ግራ ይዞ ነው። እኛም እኮ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምንነዳው። ያኔ ብወለድ ኖሮ አልቸገርም ነበር!

ለቃለ መጠይቅ የሄድኩ ጊዜ የዘመድ መኪና ሞክሬያለሁ። ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ እንደኛው ቦታቸው ላይ ናቸው። የማርሹም አገባብ ያው ነው፣ በግራ እጅ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ፍሬቻ ላሳይ ስል በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። እሱ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። አደባባዩ በተቃራኒ ቢዞርም ከፊት ያለውን መኪና እከተላለሁ።

ያቃተኝ የመኪናው ስፋት ነው። እዚህ ስነዳ አብዛኛው አካል በቀኜ ነው፤ እዚያ በግራዬ ሆነ። ሳይታወቀኝ ወደ ግራ ጠርዝ እሳባለሁ። የግራው ስፖኪዮ የቆመ ሚኒባስ ሳይነካ የተረፈው ለጥቂት ነው።

ጅማ ውስጥ መሪው በቀኝ የሆነ መለማመጃ መኪና አላገኘሁም። ጓደኛዬ ሲነዳ ጋቢና ተቀምጬ ርቀት ለመገመት ሞከርኩ። አልሠራም፤ እዚህ ጠርዙ ያለው በእኔው ጎን ነዋ።

ኬንያ ወይም ኡጋንዳ የነዳችሁ ሰዎች፣ በግራ በኩል ያለውን ርቀት ለመገመት ዓይናችሁን ምን ላይ አድርጋችሁ ነው የለመዳችሁት?