አላርም ሲጮኽ ባለችበት ደርቃ ለምትቀር ባልደረባዬ ምን ላድርግ?

የሌሊት ተረኛ፦ በድንገተኛ ክፍል አብራኝ የምትሠራ ነርስ አለች። ሁላችንም የተረባረብንለት ሕፃን ካረፈ ወዲህ የሞኒተሩ አላርም በጮኸ ቁጥር ያ ሰዓት ሳትፈልገው ፊቷ ላይ ድቅን ይላል፤ ስሟን ብንጠራም አትሰማም። ዛሬ ማታ ተረኛ ናት። ኃላፊያችን ደግሞ ከሥራ በፊት ሁላችንም ተሰብስበን የሆነውን አንድ በአንድ እንድንተርክ አዘዋል። ቶሎ እንድትረሳው ምን ላድርግ? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

ነባር ሲስተር፦ በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ሁሉ የማይረሳው ታካሚ አለውና ማንም ደካማ አይበላት። እንቅልፏን ታክብር፣ ምግብ አትዝለል፣ ከሰው አትራቅ፤ እናንተም በየኮሪደሩ ጉዳዩን እያነሣችሁ አታስጨንቋት።

ፋርማሲስት፦ ለዛሬ ትንሽ ዳያዜፓም ወስዳ ትረጋጋ።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦ በዚህ አልስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ፣ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለሚታይ የጭንቀት ምልክት እንዲህ ያለ መድኃኒት ለአዋቂዎች እንዳይሰጥ ይመክራል፤ በዚያ ላይ ልጅቷ ታካሚ የምትረከብ ተረኛ ናት። ለመሆኑ ነገሩ ከደረሰ ወር ሞልቶታል?

ተራማጅ፦ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ትሳብ፣ በአፏ አርዝማ ታስወጣ።

የሌሊት ተረኛ፦ ወር አልሞላውም።

ሐኪም፦ እኔን ያሳሰበኝ «እንድትረሳው» ማለትዎ ነው። ትዝታን በግድ ለመግፋት ሲታገሉት አዘውትሮ ይመለሳል፤ የምንሻው ሲመጣ ሥራዋንና እንቅልፏን እንዳይነጥቃት ነው። ደግሞም እርስዎ ራስዎ እዚያው ክፍል ነበሩ፤ ስለ ራስዎ ግን አንድም ቃል አልጻፉም።

ተራማጅ፦ አተነፋፈሱን አትርሱ፤ ከማንኛውም ነገር በፊት እሱ ይሞከር።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦ ወር ካልሞላው ምልክቱ በብዙዎች ላይ በራሱ እየቀለለ ይሄዳል፤ ወር አልፎም ቅዠቱና ክስተቱን ከሚያስታውሳት ነገር መሸሿ ከቀጠለ፣ ወይም ከዚያ በፊትም ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ካላት፣ ሳይዘገይ ባለሙያ ይያት። ስብሰባውን በተመለከተ፣ የብሪታንያ የ2018 መመሪያ ይህን መሰል የስሜት ትረካ ፒቲኤስዲን (ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም) ለመከላከል እንዳይሰጥ ይላል። የሕክምናውን ሂደት መገምገም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ ስሜቷ መናገር ግን የምትፈልግ ትናገር፣ የማትፈልግ አትገደድ። ለዛሬ ማታ ከነፍስ አድን አልጋው ራቅ ያለ ምድብ ስጧት፣ የምታምነው ሰው አብሯት ይሁን። ስትደርቅ ስሟን፣ ያለችበትን ቦታና ዕለቱን ቀስ ብላችሁ ንገሯት፤ እግሯን ወለሉ ላይ ጫን አድርጋ ዙሪያዋ ያለውን ዕቃ በስሙ ትጥራ።

ተመራማሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሳይፈለግ ድቅን የሚለው ትዝታ በአብዛኛው ምስል ስለሆነ፣ ምስል የሚያስተናግደውን የአእምሮ ክፍል የሚይዝ ሥራ ይሻማዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤሚሊ ሆልምስና ባልደረቦቿ ተሳታፊዎች ትዝታውን ለአፍታ አስታውሰው፣ ቴትሪስ የተባለውን ቅርጾችን የመደርደር የኮምፒውተር ጨዋታ ቅርጾቹን በሐሳብ እያዞሩ ለ20 ደቂቃ ያህል እንዲጫወቱ ማድረግን፣ በኮቪድ ጊዜ በስዊድን የጤና ሠራተኞች ላይ ጭምር ፈትነው ትዝታው ሲቀንስ አይተዋል። ዝም ብሎ መጫወት ብቻውን ያው አይደለም፤ በመመሪያ ይደረግ እንጂ ተረኛ ሆና አትሞክረው።

ነባር ሲስተር፦ ኃላፊው የምድቡን ለውጥ እምቢ ካሉ እኔ ብሆን ከሌላ ተረኛ ጋር አቀያይራታለሁ። ሰዓቱ ሳይደርስ አሁኑኑ ደውይላቸው፣ እኅቴ።