ጥቁር እንጨትና የአባቴ መድኃኒት

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ ፕሮስቴት አስቸግሯቸው ሌሊት ለሽንት ሲመላለሱ ያድራሉ። ሐኪም ታምሱሎሲን አዞላቸዋል። የጎረቤት ሽማግሌ ደግሞ ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ ቅርፊት አምጥተው «ቀቅለህ አጠጣው» አሉኝ። (ከደብሩ ደን ባይልጡት ደስ ባለኝ፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል።)

ነገሩ ተረት አይደለም። የዚሁ ዛፍ ቅርፊት ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ በእንክብል ሆኖ በአውሮፓ ለፕሮስቴት ይሸጣል። የኛው ግን በእፍኝ ነው የሚለካው! ቅጠሉና የፍሬው ውስጥ ደግሞ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚያወጣ ነገር አለበት።

ፋርማሲስት ወይም ሐኪም የሆናችሁ፦ ቅቅሉ ከታምሱሎሲን ጋር ይስማማል? አባቴ የግፊት ኪኒንም ይውጣሉ። ታምሱሎሲኑ ራሱ ሲነሱ ያዞራቸዋል። ሽማግሌውን ሳላስቀይም ምን ልበላቸው? ነገ ጠዋት ይመጣሉ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።