ሐይቁ መውጫ ለሌለው ከተማ የትኛው የፍሳሽ ማጣሪያ ይሻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ የምሠራ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ለአንድ ትልቅ የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ የሁለተኛ ደረጃውን ዘዴ እያነጻጸርኩ ነው። ኩሬ፣ ዩኤኤስቢ (ፍሳሹ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ያለ አየር የሚጣራበት ገንዳ) ከትሪክሊንግ ፊልተር (ፍሳሹ ባክቴሪያ በለበሰ ድንጋይ ወይም ፕላስቲክ ላይ እየተንጠባጠበ የሚጣራበት) ጋር፣ ወይስ አክቲቬትድ ስላጅ (አየር እየተነፋለት ባክቴሪያ ያለበት ዝቃጭ ፍሳሹን የሚያጣራበት)?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ወጪ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሐይቁ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከገባ እዚያው ይጠራቀማል። አልጌው ይበዛል፣ ዓሣው አየር ያጥረዋል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በጠዋት መረብ ሲፈታ ባየሁ ቁጥር ይሄ ነው የሚመጣብኝ።

ድሮ የሠራሁበት የአክቲቬትድ ስላጅ ማጣሪያ ሁለት ቀን ሙሉ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም። ከአየር መስጫው ገንዳ በአንድ ሊትር ሲሊንደር ቀዳሁ። ሁሌ ቡናማ የነበረው ዝቃጭ ከሰል መስሏል። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አገግሞ እስኪመለስ ሳምንታት ፈጀብን። አክቲቬትድ ስላጅ ለማለት የምፈራው ለዚህ ነው።

መልስ 1፦
እህቴ፣ የአዲስ አበባውን የቃሊቲ ማጣሪያ እይ። ድሮ ኩሬ ነበር፤ አሁን በዩኤኤስቢና በትሪክሊንግ ፊልተር በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተሠርቷል። ዩኤኤስቢ ብሎወር (አየር የሚነፋ ማሽን) አይፈልግም፣ ዝቃጩ ጥቂት ነው፣ ጋዝም ይሰጥሻል። የሐዋሳ ሙቀትም ይስማማዋል። ኩሬውን ተይው፤ ያን ያህል መሬት የት ይገኛል?

መልስ 2፦
ከላይ ያለው ወንድሜ ልክ ነው፤ ግን ቃሊቲ የሚለቀው ወደ ወንዝ ነው። ዩኤኤስቢ ካርቦኑን ይበላል፤ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን አሞኒያና ፎስፌት አድርጎ ያሳልፋቸዋል። በኋላ ናይትሮጅኑን ላስወግድ ብትዪ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት ካርቦን አልቋል። ለሐይቅሽ አየር አልባና አየር ያለው ክፍል እያፈራረቀ የሚሠራ አክቲቬትድ ስላጅ ነው የሚሻለው።

ብሎወሩን ግን በደንብ አስዪው። 1 ኪሎ የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመቀየር 4.6 ኪሎ ገደማ ኦክስጅን ይጠይቃል። ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ18 በመቶ ያህል ያንሳል። የካታሎጉን ቁጥር እንዳለ ከወሰድሽ አየር ያጥርሻል። ጄኔሬተሩም የዲዛይኑ አካል ይሁን፣ ናፍጣው በዓመታዊ በጀት ይያዝለት።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ስሌቱን ከፈትኩት፤ ብሎወሩ የተሰላው በባሕር ጠለል ግፊት ነው! ነገ ጠዋት እንደገና እሠራዋለሁ። ናፍጣውንም በራሱ መስመር አስገባዋለሁ።